ከውኃ በታች ያለው ግማሽ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ “እንዴት እንዲህ ያለ ስሕተት ትሠራለህ?” እንዳትሉኝ ነው። የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም ነው፤ ያደግኩትም፣ የምሠራውም እዚያው። ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ መስታወት እቆርጣለሁ፣ የፎቶ ፍሬም እሠራለሁ። ትልቅ ውኃ አየሁ የምለው ባሕር ዳር ሄጄ ጣናን ነው። እዚያም ልብ ብዬ ያየሁት የደንገል ታንኳውን ነው፤ ታንኳ ደግሞ ውኃው ላይ ተኝቶ ይሄዳል እንጂ ውኃው ውስጥ ብዙም አይገባም።

እንዲህ ያለውን ሰው የጦር መርከብና የጦር አውሮፕላን ሞዴል ምን አሠራው ብትሉ፣ ጥፋቱ የፎቶዎቹ ነው። ለፍሬም የሚመጣ ፎቶ ሁሉ የሠርግና የምረቃ አይደለም። አንዳንዱ ሰው አባቱ በወጣትነቱ ከሚግ ክንፍ ሥር የቆመበትን፣ ወይም አጎቱ ምፅዋ ወደብ ላይ ነጭ ልብስ ለብሶ የተነሳውን ያመጣል። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ አስቀርና የዋንዛ ቁራጭ ፈልጌ መቅረጽ እጀምራለሁ። አንድ ሜትሩን አንድ ሳንቲ ሜትር አደርገዋለሁ። ገላው ዋንዛ ነው፤ የመድፉ አፈሙዝ የመርፌ ቀፎ፣ ምሰሶው የጃንጥላ ሽቦ፣ ቀለሙ ደግሞ ለብረት በር የሚቀባው ግራጫ ፀረ ዝገት ነው። በልኬት ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ አንዲት መስኮት ከቦታዋ ትንሽ ዝንፍ ብትል ነቅዬ እንደገና እሠራታለሁ። ባለቤቴ አልማዝ “ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ትለኛለች። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ስሜን ትተው “አድሚራል” ነው የሚሉኝ። ሲያልፉ “አድሚራል፣ ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?” ይሉኛል። ያኮረፍኩ እመስላለሁ እንጂ ስሙንስ ወድጄው ነበር።

አውሮፕላኖቹን ከመስኮት አንስቼ ጓዳ ካስገባኋቸው ቆይቷል። ዘመኑ አውሮፕላን አይተው የሚደሰቱበት አልሆነም። መስኮቱ ላይ የቀረችው አንዲት መርከብ ብቻ ነበረች፤ የድሮው ባሕር ኃይል የጥበቃ መርከብ። ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራባት እሷ ናት። ሰማያዊ በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ አጣብቄያት፣ ከፊቷ ነጭ አረፋ ሠርቼላት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ገበሬ መስኮቱ ጋ ቆመው መርከቧን ሲያዩ አየሁ። የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ አይቶ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ግን አልሄዱም። እኔ አንድ የመስታወት ሥራ ጨርሼ ቀና ስል አሁንም እዚያው ናቸው። ኋላ ገቡ።

“እንደምን አደርህ ወንድሜ። ይች የጦር ናት የጭነት?”

“የጦር ናት።”

“የባሕር ኃይል?”

“አዎ፣ የድሮው።”

በርጩማ ሰጠኋቸው፤ ተቀመጡ። አያ ምንይችል ይባላሉ፤ አገራቸው ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ።

“ታላቄ ታከለ ባሕር ኃይል ነበር። ጢሙ ሳይወጣ ነው የሄደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ያልሞተው መጣ፣ የሞተውም መርዶው መጣ፤ የታከለ ግን እሱም ወሬውም ቀረ። እናታችን እማሆይ ጥሩነሽ አለች። ያኔ አለቀሰች፣ ጠበቀች። ኋላ አንድ ነጋዴ ‘መርከበኞቹ የመን ተሻግረው እዚያው አግብተው ወልደው ቀርተዋል’ ብሎ አወራ። ይህን ኸሰማች ወዲያ ልቧ ተቆረጠ። ‘ልጄ አልሞተም፣ ረስቶኝ ነው’ ብላ ቂም ያዘች። ዛሬ ቤታችን ውስጥ የታከለ ስም አይነሳም።”

“አሁን ወሬው ተገኘ?”

“ተገኘ። በርበሬ ይዤ ቡሬ ወርጄ ነበር። ኸየመን የተመለሰ የባሕር ኃይል ሰው አለ ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። ታከለ ብዬ ስሙን ስጠራው ሰውየው ቆሞ የነበረው ተቀመጠ። ‘ያኔ ነው የሞተ፣ አንድ መርከብ ላይ ነበርን’ አለኝ።”

አያ ምንይችል መርከቧን እያዩ ቀጠሉ።

“እሁድ ሊነጋ ሲል እናረዳታለን። ቄሱም ሽማግሌውም ተነግሮታል። ግን በምን ታምናለች? እንደምታውቀው በኛ አገር ለቅሶ ባዶ እጁን አይወጣም። የሟች ልብሱ ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ በቅሎ ካለው በቅሎው ትጫናለች። አልቃሿም እሱን እያየች ነው ሙሾ የምታወርድ። የታከለ ልብስ የለንም። ፎቶ እንኳ ሳይነሳ ነው የሄደ። ባዶ ሜዳ ላይ ‘ልጅሽ ሞተ’ ብንላት ‘ዋሻችሁ፣ ሸሸ እንጂ አልሞተም’ ነው የምትለን። አርጅታለች። እንደተቀየመችው ሳታለቅሰው እንዳትሞት ነው የምፈራ።”

ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። መርከቧን ለለቅሶው እንዳውሳቸው ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደድኩትም። አንድ ጊዜ አንድ አውሮፕላን ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን አውሼ ክንፍ አልባ ሆኖ ተመልሶልኛል። “ላስብበት” ልል አፌን ስከፍት፣ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው አልማዝ “ምኑን ነው የምታስበው?” አለችኝ። የማስበው እንደሌለ እኔም አወቅሁና እሺ አልኩ። ሆኖም አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ከመውሰዳቸው በፊት ያ መርከበኛ መጥቶ ይያት አልኩ። ለትክክለኛነቷ ነው ብዬ ነው የተናገርኩት። እውነቱ ግን ምስጋና ፈልጌ ነው። እንደዚያች ባለች መርከብ ላይ የኖረ ሰው “አንዲት ነገር አልተሳሳትክም” ሲለኝ መስማት አምሮኝ ነበር።

መርከበኛው ከቡሬ በሚኒባስ መጡ። ጋሽ ልየው ይባላሉ፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያደረቃቸው፣ ሲቆሙ እግራቸውን ከፈት አድርገው የሚቆሙ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ የመን ተሻግረው ወደብ ላይ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ እዚያም ሰላም ሲጠፋ ተመልሰው ቡሬ እኅታቸው ቤት ተቀምጠዋል።

መርከቧን ሲያዩ ሰላምታውን እንኳ ረሱት። በአንድ ጣታቸው ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሷት።

“ይች የአዛዡ ክፍል ናት። እዚህ ሻይ እናፈላ ነበር። እዚች ጥግ ወባ ይዞኝ ተኝቻለሁ።”

እኔ እየተነፋሁ ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከሰማያዊው ኮምፔንሳቶ ጋር አስተካከሉና ወደ አንድ ጎን አዩ፣ ወደ ሌላው ጎን ሄደው አዩ።

“ግማሿ የታለ?”

“የምን ግማሽ?”

“ከውኃ በታች ያለው።”

“ከውኃ በታችማ ውኃ ነው” አልኳቸው።

አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። “አየህ ልጄ፣ ቤት ስትሠራ ምሰሶው የሚቆመው በሚታየው ነው በተቀበረው?” አሉኝ። “መርከብም እንዲያው ናት። የምትቆመው ውኃው ውስጥ በገባው ነው። ሆዷ ታች ነው ያለው፣ ሞተሯ ታች ነው ያለው። ፎቶ የሚያነሳው ላዩን ነው።”

ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍጣፋ ነገር ስሠራ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ፎቶው ላይ የሚታየውን ሁሉ በልክ በልኩ ሠርቻለሁ፤ የማይታይ ነገር ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ተናደድኩ። በእሳቸው ይሁን በራሴ እንጃ።

“ለለቅሶ አይደለም እንዴ?” አልኳቸው። “ለለቅሶ ይህም ይበቃል።”

“ታከለ ሞተረኛ ነበር” አሉ። “ከዚህ ሰማያዊ ቀለምህ በታች ነው ሲኖር የነበረ። ወደ ላይ የሚመጣው ለምግብና ለእንቅልፍ ነው። እናቱ ‘ልጄ የት ነበር?’ ብትለኝ ምኑን ላሳያት?”

የብረት መጋዜን አነሳሁና መርከቧን ከሰሌዳዋ ለመለየት መቁረጥ ጀመርኩ። ሙጫው ጠንካራ ስለነበር መጋዙ ሲነዘር ምሰሶዋ ወለቀች፣ አንድ የመድፍ አፈሙዝም ወደቀ። ሁለት ጊዜ አቁሜ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ስትላቀቅ ሥሯ ልሙጥ ሆኖ ታየ፤ እንደዚያ ሆና ሳያት አፈርኩባት።

ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘግተን ሠራን። ጋሽ ልየው የሆዷን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሳሉልኝ፣ እኔ ከዋንዛ ቀረጽኩ፤ ከፊት የሾለ፣ መሐሉ የሰፋ። ውስጡን ቦርቡሬ የሞተር ክፍሉን አወጣሁ። ሁለት ሞተሮች ከማርከር ክዳን፣ መሰላል ከሽቦ፣ ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ ደግሞ ከእስክርቢቶ ጫፍ ሠራን። “ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚህ አይደለም፣ እሱ ወዲህ ነው የሚቆም” ይሉኛል፤ አንዳንዴ ስለ መሣሪያው መሆኑን ትተው ስለ ሰውየው እንደሚያወሩ ይገባኝ ነበር። ታከለ ዘፋኝ እንደነበር፣ በሞተሩ ጩኸት መሐል ብቻ ጮክ ብሎ እንደሚዘፍን፣ ላይ ሲወጣ ግን ዝምተኛ እንደሆነ ነገሩኝ።

በመጨረሻ ከመርከቧ ወለል ወደ ሞተር ክፍሉ የምታስገባውን በር ሠራሁ። ጥፍር የምታህል ክዳን ናት፤ በቀጭን ሽቦ ማጠፊያ አድርጌላት ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ከሠራሁት ሁሉ የዚያን ቀን በእሷ ተደሰትኩ። ጋሽ ልየው ከፈቷት፣ ዘጓት። እንደገና ከፈቷት፣ ዘጓት።

“አጣብቃት” አሉ።

“ያን ሁሉ ውስጡን ሠርተን? ታዲያ ማን ሊያየው ነው?”

“አጣብቃት ልጄ። ተዘግታ ነው የነበረች።”

ድምፃቸው ስለተለወጠብኝ አልተከራከርኩም። ሙጫ አድርጌ ተጫንኳት። ሲሄዱ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ እያየቻቸው “ይኼ ሰው ያልተናገረው ነገር አለ” አለችኝ። እኔም አስቤው ነበር፤ ግን የእኔ ጉዳይ መርከቧ ናት ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ መርከቧን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ከጋሽ ልየው ጋር ጅጋ ወረድን። ከዚያ በእግር ሄድን። እማሆይ እንዳያዩን ጎረቤት ቤት አሳደሩን። ሊነጋጋ ሲል ቄሱ፣ አያ ምንይችልና ሽማግሌዎቹ ወደ ቤታቸው ሲገቡ እኛ ከደጅ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆምን። እኔ ጥቅሉን ታቅፌያለሁ።

መርዶ ሲነገር ጩኸት ይሰማል። ጠበቅን፤ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ አንድ የሽማግሌ ሴት ድምፅ በጣም በተረጋጋ ሁኔታ “ማን አየ?” አለ።

ቄሱ አንድ ነገር አሉ፤ አልሰማሁትም።

“አባቴ፣ ኸእግርዎ ሥር ነኝ” አሉ እማሆይ። “ግን እኔ ይህን ልጅ በቁሜ ሠላሳ ዓመት ስቀየመው ኖሬያለሁ። ዛሬ በወሬ አልታረቀውም። አስክሬኑ የታል? ያየ ሰው የታል?”

ወጡ። ትንሽ ናቸው፤ ቆብ ያደረጉ፣ መቋሚያ የያዙ። ጎረቤቱ ሁሉ በግቢው ተሰብስቦ ሊያለቅስ አፉን ይዞ ይጠብቃል፤ እሳቸው ካላለቀሱ ማንም ሊጀምር አይችልም። አያ ምንይችል ከኋላቸው ሆነው ፊታቸው አመድ መስሏል። በእጃቸው ጠሩን።

ጋሽ ልየው ቀርበው ጉልበት ሳሙ። እኔ በርጩማ ላይ መርከቧን አስቀምጬ ጋቢውን ገለጥኩ።

“አንተ ማነህ?” አሉ እማሆይ።

“ልየው እባላለሁ እማሆይ። ከታከለ ጋር አንድ መርከብ ላይ ነበርን። መርከባችን እቺው ናት፤ ይኼ ልጅ አሳንሶ ሠርቷት ነው።”

እማሆይ መርከቧን አዩ። በሬ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ዞሯት።

“ልጄ የቱ ላይ ነበር?”

“ይች መስመር ድረስ ውኃ ነው” አሉ ጋሽ ልየው፤ ግራጫው አልቆ ቀይ የተቀባው የሚጀምርበትን እያሳዩ። “ከዚህ በታች ያለውን ከውጭ ሰው አያየውም። ታከለ እዚህ ነበር፤ ሞተሯን የሚያስነሳላት እሱ ነበር።”

“በምን ይገባል?”

“በዚች በር።”

እማሆይ መቋሚያቸውን ለአያ ምንይችል ሰጡና ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ክዳኗን ሊያነሱ ሞከሩ። እምቢ አለች። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

“ለምን አይከፈትም?”

ሙጫ ነው ልል ነበር። ጋሽ ልየው ቀደሙኝ።

“እኔ ነኝ የዘጋሁት እማሆይ።”

አያ ምንይችል ዞረው አዩዋቸው፤ ይህን እሳቸውም የሚሰሙት ገና ያኔ እንደሆነ ከፊታቸው አወቅሁ። ጋሽ ልየው ዓይናቸውን ከእማሆይ ላይ ሳያነሱ ተናገሩ።

“መርከቧ ከሆዷ ተመታች። ውኃ ገባ። ላይ ቁስለኞች ነበሩን፣ ሊያሻግራቸው ሌላ ጀልባ እየመጣ ነበር። እስኪደርስ መቆየት ነበረባት። ይች በር ክፍት ኸሆነች ውኃው ወደ ላይ ይወጣና ሁላችንም እንሰምጣለን። ታከለ ታች ሆኖ ፓምፑን ይዟል። እኔ መሰላሉ ላይ ነበርኩ። ‘ና ውጣ’ አልኩት። ‘ፓምፑን ማን ሊይዘው ነው? ውጣና ዝጋው’ አለኝ። ወጣሁና ዘጋሁት።”

“ኋላስ?”

“ኋላ ያንኳኳ ነበር።”

አንዲት ሴት “ወይኔ” ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት። እማሆይ ግን አልተንቀሳቀሱም።

“ሲያንኳኳ አልከፈትህለትም?”

“ክፈትልኝ ማለት አይደለም እማሆይ። በሥራችን ማንኳኳት ‘ደህና ነኝ፣ ፓምፑ ይሠራል’ ማለት ነው። እኔም ኸላይ በመፍቻ እየመታሁ እመልስለት ነበር። ቁስለኞቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ድረስ እንዲያ ስንባባል ቆየን። ከዚያ እሱ ተወ። እኔ ግን መምታቱን አልተውኩም፤ ጎትተው ነው ያነሱኝ።”

“እስከ ዛሬ የት ነበርህ?”

“ኸየመን እንደተመለስኩ ጅጋ ገበያ ድረስ መጥቼ ነበር። ሰው መጠየቅ ፈራሁና ተመለስኩ።”

እማሆይ ቀጥለው የጠየቁትን ጥያቄ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሲጠብቀው ነበር፤ መልሱንም ሁላችንም እናውቀው ነበር። መርዶ የሚናገር ሰው ለእናት የሚሰጣት መልስ አንድ ነው።

“በሩን ስትዘጋው ምን አለ? ስሜን ጠራ?”

ጋሽ ልየው ወደ ክዳኗ አቀረቀሩ። ሽማግሌዎቹ “በል እንጂ” በሚል ዓይን አዩዋቸው። እኔም በሆዴ አዎ ይበሏቸው እያልኩ ነበር።

“አልጠራም እማሆይ” አሉ። “ጊዜም አልነበረው። ‘ፍጠን’ ነው ያለኝ።”

አያ ምንይችል ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አለቀ፣ አሁን ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ይዘጋሉ ብዬ ነበር። እማሆይ ግን አንገታቸውን እየነቀነቁ ነበር።

“ሊያባብለኝ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ‘እናቴን አለ’ ይለኝ ነበር” አሉ ለቄሱ። “ይኼስ አይቷል።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “በል ልጄ፣ ክፈትልኝ።”

ቢላዬን አወጣሁ። ሙጫው አጥብቆ ስለያዛት ክዳኗን ስፈለቅቃት ከነማጠፊያዋ ተሰበረች። እማሆይ ጎንበስ አሉ፤ ፀሐይዋ ገና እየወጣች ስለነበር ብርሃኑ በአግድም ነበር የሚመጣው፣ እኔ በርጩማውን አዘንብዬ ብርሃን አስገባሁላቸው። መሰላሉን፣ ሁለቱን ሞተሮች፣ ፓምፑን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

“ጠባብ ናት” አሉ። “ይበርደው ነበር?”

“አይ፣ ሞተሩ አለ። ሙቅ ነበረች” አሉ ጋሽ ልየው።

“ታከለ” አሉ እማሆይ። ጮክ ብለው አልነበረም። ሁለተኛ ሲሉት ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሦስተኛውን ሜዳው ሁሉ ሰማው። ጥሩምባው ተነፋ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ያህል ዘመን ታምቆ የቆየ ልቅሶ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እኔ ልጽፈው አልችልም። መርከቧን ሁለት ጎልማሶች በርጩማውን እንደ ቃሬዛ ይዘው አወጧት፣ አልቃሿም እያየቻት አወረደች። እኔም አለቀስኩ፤ የማላውቀውን ሰው።

ዳሱ ውስጥ ግን ገና ያላለቀ ነገር ነበር። ሐዘንተኞቹ በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ከአገሩ ሁሉ የሚመጣው ሰው በፊታቸው እያለፈ “እግዜር ያጽናችሁ” ይላል። ጋሽ ልየው ከበሩ ውጭ ከእንግዶቹም ርቀው ቆመዋል፤ አያ ምንይችል ከዚያ ወዲህ አላናገሯቸውም፣ አላዩዋቸውምም። ከዘመዶቹ አንዱ “ወንድሙን የዘጋበትን ሰው እንዴት ያስተናግደው?” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል ቀላል አይደለም። ጋሽ ልየውም ሰምተው መሰለኝ ኮታቸውን አንስተው “በል ልጄ፣ እንሂድ” አሉኝ።

እማሆይ ከተቀመጡበት አይተዋቸው ነበር። እጃቸውን አንስተው በምልክት ጠሯቸው። ጋሽ ልየው ኮታቸውን እንደያዙ ገቡ። የሚያልፈው ሰልፍ ቆመ።

“ምንይችል” አሉ እማሆይ።

“አቤት እናቴ።”

“ለወንድምህ ቦታ ልቀቅለት።”

አያ ምንይችል ወዲያው አልተነሱም። መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ጠጋ አሉ፤ በእሳቸውና በእናታቸው መሐል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተገኘ። ጋሽ ልየው ተቀመጡ። ሰልፉ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሰውዬ እማሆይን “እግዜር ያጽናዎት” ብለው፣ ቀጥለው ጋሽ ልየው ፊት ሲደርሱ ትንሽ አመነቱና “እግዜር ያጽናህ” አሏቸው። ያን ጊዜ ጋሽ ልየው ኮታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከጎናቸው የነበሩት አያ ምንይችል እጃቸውን ጀርባቸው ላይ ጣል አደረጉ።

መርከቧን አላስመለስኩም፤ እማሆይ ቤት ናት። መስኮቴ ባዶ ስለሆነ የባጃጅ ልጆች “አድሚራል፣ መርከቧ ሰመጠች እንዴ?” ይላሉ። ሌላ ጀምሬያለሁ። አሁን አንድ መርከብ ከመጀመሬ በፊት ቡሬ ሄጄ ጋሽ ልየውን እጠይቃለሁ፤ ማን የት ይሠራ ነበር፣ ማን የት ይተኛ ነበር እላቸዋለሁ። የልኬት አባዜዬ አልተወኝም፤ ግን ድሮ ዕቃውን ነበር የምለካው።

እናንተ አንባቢዎች ግን ከመርከብ ጋር ምን አገናኛችሁ? አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። እኛ አገር መርዶ መደበቅ እንደ ደግነት ይቆጠራል፤ “አርጅታለች፣ ታሟል፣ ብንነግራቸው አይችሉትም” እንላለን። ጋሽ ልየው ጅጋ ገበያ ላይ ሆነው የተመለሱት በክፋት አልነበረም። እማሆይን ግን ያን ሁሉ ዘመን የጎዳቸው የልጃቸው ሞት አይደለም፤ በሕይወት እያለ ረሳኝ ብለው ማመናቸው ነው። በልባችሁ እንዲህ ያለ ወሬ ይዛችሁ የምትዞሩ ካላችሁ ሄዳችሁ ንገሩ፤ ሳታሳምሩ ንገሩ። ስትጨርሱም ለመሄድ አትቸኩሉ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ።